የቦሮን ጉልበት

ባሌ ኦርሞን በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራችን ከኔ ጋር ካወራው ከውሾቹ ጋር ያወራው ይበልጣል። ይህን የምለው ቂም ይዤ አይደለም። ድሮ ይዤ ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። የአደን ውሻ፣ ያውም ታይጋን የሚባለውን የተራራችንን ሯጭ ዘር የሚያረባ ሰው ያገባች ሴት ምን እንደሚጠብቃት በኛ አገር ያልሰማ የለም። ውሻው ቀድሞ ይበላል፣ ውሻው ምድጃው ጥግ ይተኛል፣ እንግዳ ሲመጣም ከልጆቹ በፊት የሚጠየቀው የውሻው ጤና ነው።

ቦሮን ቤታችን የቀረችው የመጨረሻዋ ታይጋን ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። ጥቁር፣ እግረ ረጅም፣ ከጆሮዋ ላይ ፀጉሯ እንደ ልጃገረድ ሹሩባ የሚወርድ። እኔና እሷ አንዋደድም ነበር። አንድ ጊዜ የልጄ አማቾች ሊመጡ ነው ብዬ ያስቀመጥኩትን ቅቤ ልሳ ጨርሳ፣ ባዶው ሳህን አጠገብ ቆማ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ አገኘኋት። ለኦርሞን ብነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ማን ዝቅ አድርገሽ አስቀምጪ አለሽ?"

ጉዳቱ የደረሰባት በኅዳር ነው። ኦርሞንና ጎረቤታችን ሳታር ከመንደሩ በላይ ባለው ተረተር ቀበሮ ሊያድኑ ወጥተው ነበር። እንደነገሩኝ ቦሮን ቀበሮዋን ልትይዝ አንድ ክንድ ሲቀራት ቀበሮዋ ድንገት ታጠፈች። ቦሮንም በዚያው ፍጥነት አብራት ታጠፈች፤ የቀኝ የኋላ እግሯ ግን ሁለት ድንጋይ መሃል ተሰንቅሮ ቀረ። አንዴ ብቻ ጮኸች። ኦርሞን ኮርቻው ላይ ከፊቱ አጋድሟት ተመለሰ። ፊቱን ሳየው ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር።

ሳታር የአካባቢው ወጌሻ ነው። የፈረስም የሰውም አጥንት ያሻል፤ እጁም ደግ እጅ ነው። ዳሌዋን ዳሰሰና "ወለምታ ነው፤ ዳሌዋ ትንሽ ሸሽቷል" አለ። ጎትቶ አሻት፣ በሱፍ ጠቀለላት። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ሱፉ ሲፈታ እግሯ ያው ነው። ሌላ ወር ጠበቅን። መሬቱን በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነካ እያደረገች ትሄዳለች። ጭኗ እየሰለለ መጣ። ስትቀመጥ ያንን እግር ወደ ጎን ዘርግታ ነው። ስትራመድ ደግሞ ከጉልበቷ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ እንደሚሰበር "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይወጣል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ድምፁን ስሰማ ጥርሴን እነክስ ነበር።

ጥር ላይ አንድ ቀን ኦርሞን ጀርባውን ሰጥቶኝ የፈረሱን ልጓም እየወለወለ "ለሳታር ነግሬዋለሁ" አለኝ።

"ምን ብለህ?"

"ጠመንጃውን ይዞ እንዲመጣ።"

እጄ ላይ የነበረውን ሊጥ ይዤ ቆምኩ።

"መሮጥ ያቃታት ታይጋን ኑሮ የላትም" አለ። "ልጓሙን ከግድግዳ ሳወርድ በሩ ጋ ሄዳ ትጠብቀኛለች። በየቀኑ። እኔ ይህን ማየት አልቻልኩም።"

"እሷ ላይ ሲተኮስ አንተ ትቆማለህ?"

"አልቆምም። ተራራው ላይ፣ ወንድሜ በረት እሄዳለሁ። አንድ ሳምንት ቆይቼ እመጣለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ፈረሱን ጭኖ ወጣ። ዞሮ አላያትም። እሷ ግን በሦስት እግሯ እያነከሰች እስከ አጥሩ ተከተለችው። ፈረሱ ከታጠፈ በኋላም እዚያው ቆማ ቀረች። በረዶ ይጥል ነበር፤ ጀርባዋ ነጭ እስኪሆን አልተንቀሳቀሰችም። እንግዲህ እውነቱን ልናገርና ያዘንኩት ለሷ ብቻ አልነበረም። ባሌን አውቀዋለሁ። ይህን አድርጎ ደህና ሰው ሆኖ አይቀመጥም።

ሳታር ረፋዱ ላይ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ዓይኑ መሬት መሬት ያያል።

"እትዬ ቡሩል፣ አንቺ ግቢ ወደ ውስጥ" አለኝ።

"ጠመንጃህን አስቀምጥና መጀመሪያ ሻይ ጠጣ።"

"ሻይ ከጠጣሁማ አልችልም።"

"ለዚያ እኮ ነው የምልህ።"

ገባ፣ ተቀመጠ። ወተት የበዛበት ሻይ ቀዳሁለት። ካራኮል ከተማ፣ እህቴ ሰፈር፣ አንዲት የእንስሳት ሐኪም እንዳለች፣ የእህቴን ጎረቤት ውሻ ጉልበት ቀድዳ እንዳዳነች ነገርኩት።

"ጉልበት? ይሄ ዳሌ ነው!" አለ ቆጣ ብሎ።

"ዳሌ ከሆነ አንተ አሽተኸው እንዴት አልዳነም?"

ሻዩን ጨርሶ "ለኦርሞን ምን ልበለው?" አለ።

"ምንም። አንተ ውሸት አትችልም፤ ስልክህን ዝጋው።"

"ለምን አሁን አንነግረውም ታዲያ?"

"ሐኪሟ አይሆንም ካለችስ? ሁለት ጊዜ ሊያለቅስላት ነው?"

ሳታር ራሱ ቦሮንን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ አደረሰን። የሚኒባሱ ሹፌር ግን "ውሻ አልጭንም" ብሎ ድርቅ አለ።

"ውሻ አይደለችም፤ ታማሚ ናት" አልኩት።

"እማማ፣ ጅራት ያለው ታማሚ አልጭንም።"

ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩና "አንተ ደንቆሮ፣ ታይጋን እኮ ናት!" ብለው ጮኹበት። ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁላት። በዚያ መንገድ ሠላሳ ዓመት ስመላለስ ለኔ የተነሳ ሰው አላስታውስም። ቦሮን እንደ ወይዘሮ መስኮቱ ጥግ ተጋድማ በመንገዱ ዳር ያለውን ሐይቅ እያየች ካራኮል ገባን።

ሐኪሟ ኡልካን ትባላለች። ትንሽዬ ናት፤ ክንዷ ግን የፈረስ ጫኝ ክንድ ነው። ቦሮንን በጎኗ አስተኛች። በአንድ እጇ ጭኗን፣ በሌላው ቅልጥሟን ያዘችና ቀስ ብላ ገፋ አደረገች። ቅልጥሙ ከጭኑ ስር እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደፊት ተንሸራቶ ወጣ። እኔ ስደነግጥ እሷ ፈገግ አለች።

"ምን ያስቅሻል ልጄ?"

"አይዞዎት፣ በሽታው ስለታወቀ ነው። ጉልበት ውስጥ የተጠላለፉ ሁለት ጅማቶች አሉ። የፊተኛው ተበጥሷል። ቅልጥሙን የሚይዝለት ስለሌለ በረገጠች ቁጥር ይንሸራተታል።"

"ቀጭ የሚለውስ?"

"በሁለቱ አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ የሚሆን፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ያለው ለስላሳ አጥንት አለ። እሱም ተቀዶ ተጣጥፏል። ጫማዎ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ሁለት ወር ቢራመዱበት ማለት ነው።"

ስለ ቅቤው የያዝኩባት ነገር ሁሉ ያኔ ወጣልኝ። ሁለት ወር ሙሉ በጠጠር ላይ ስትራመድ አንድም ቀን አላላዘነችም።

"ትድናለች?"

"የተቀደደውን ቆርጬ አወጣለሁ። ጅማቱን መልሼ አልሰፋውም፤ በሱ ፈንታ ከጉልበቱ ውጪ በጠንካራ ናይለን አስራለሁ። የዓሣ ማጥመጃ ክር የመሰለ ነው። እሱ ይዞ ሲያቆየው የራሷ ሥጋ ዙሪያውን እየጠነከረ ይሄዳል። በደንብ ትራመዳለች። ቀበሮ ማባረር ግን ከእንግዲህ ይቅርባት።"

"ቀበሮውስ ይቅር" አልኩ።

በማግስቱ ቀደዷት። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ድመት ያቀፈች ሴትና እኔ ብቻ ነበርን። ዱዓ እያደረግኩ እንደሆነ ያወቅኩት ሴትዮዋ "አሚን" ስትለኝ ነው። አፍሬ በሆዴ ቀጠልኩ። ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ኡልካን ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

"ነቅታለች። ይግቡ።"

ቦሮን ብርድ ልብስ ላይ ተኝታ ነበር። እግሯ ተላጭቶ እንደ ዶሮ እግር ቀጥኗል። ስታየኝ ጅራቷን ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ መታች፤ ከዚያ አገጯን ጫማዬ ላይ ጣለችና መልሳ ተኛች። እግሬ እስኪደነዝዝ አልነቀልኩትም።

እህቴ ቤት አረፍን። የስፌቱ ክር እስኪወጣ ሁለት ሳምንት እንድንቆይ ነው የታዘዝነው። በአምስተኛው ቀን ቦሮን ግቢ ውስጥ ሽንቷን ልትሸና ስትወጣ መዳፏን ሙሉ ለሙሉ መሬት ላይ አሳረፈች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅኩ። ቀጭ አላለም። እህቴን ጠርቼ "ስሚ!" አልኳት። "ምን ልስማ? ምንም የለም" አለች። "እሱን ነው እኮ የምልሽ!"

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ኦርሞን ነው።

"የት ነሽ? ቤቱ ባዶ ነው" አለ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነው።

"እህቴ ጋ ነኝ።"

"ሳታር ሲያየኝ አጥር ዘሎ ሸሸኝ። ምን ሆኖ ነው?" መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ። "የት እንደቀበራት ልጠይቀው ነበር። ቡሩል... ተሳስቻለሁ መሰለኝ። አንቺም በዚህ ተቀይመሽ ከሄድሽ እውነትሽን ነው።"

ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነው። ቦሮን ከምንጣፉ ላይ ቀና አለች። ጆሮዋን አቆመች። ከዚያ እንደ ሕፃን ቀጭን ድምፅ አውጥታ ታላዝን ጀመር።

ኦርሞንም ሰማት።

"ያ ምንድን ነው?"

"ውሻ ነዋ።"

"የማን ውሻ?"

"ያንተ።"

ስልኩ ተቆርጦ ይሆናል ብዬ "ሃሎ?" ስል "አታናግሪኝ፣ ትንሽ ቆዪ" አለኝ። ከዚያ ደግሞ "ስልኩን ለሷ ስጪያት" አለ። እህቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። ስልኩን ጆሮዋ ጋ አድርጌ ያዝኩላት። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ አልጠየቅኩምም።

በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ። በሩ ላይ ተንበርክኮ ራሷን አቀፈና "አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ" ይላል። እኔ ከጎን ቆሜ "እንዳትዘልብህ ያዛት! ስፌቱን ልታፈነዳው ነው!" እላለሁ። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"አንቺ እኮ ትጠያት ነበር" አለኝ።

"አሁንም ቅቤ አላምናትም" አልኩት።

ኡልካን ስምንት ሳምንት ያለ ገመድ እንዳትወጣ፣ መዝለልም መሮጥም እንደማይፈቀድላት አዘዘች። መጀመሪያ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር። ኦርሞን ሰዓቱን በእጁ ይዞ በመንደሩ መንገድ ያንሸራሽራታል። ሰው ሳቀበት። "ኦርሞን ሙሽሪቱን ይዞ ወጣ!" ይሉታል። እሱ እንደሆነ አይሰማም። ሳታር አብሮት ይሄዳል። ለምርመራ ስንመለስ ኡልካንን ለምኖ ያንን እንደ መሳቢያ የሚንሸራተተውን ነገር በሌላ ውሻ ላይ አሳይታዋለች። አሁን መንደሩ ውስጥ የሚያነክስ ውሻ ሁሉ በሱ እጅ ያልፋል። ተንሸራቶ ካገኘው "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፤ ካራኮል ውሰዱት" ይላል። እንዲህ ማለት ለሱ ቀላል እንዳልነበር አውቃለሁ።

በመጋቢት መጨረሻ ቦሮን ደህና ሆነች ብለን ልባችን ባረፈ ጊዜ፣ አንድ ጠዋት የግራ የኋላ እግሯን አንስታ ቆመች። ደህነኛውን እግር። እኔ ለኡልካን ደወልኩ።

"አንዱ ጉልበት የተበጠሰበት ውሻ ሌላውም ሊበጠስበት ይችላል" አለች። ኦርሞን ይህን ሰምቶ ቦሮን አጠገብ ተንበረከከ። "ግን እማማ ቡሩል፣ ከታች ይጀምሩ። መጀመሪያ መዳፏን ይዩልኝ።"

መዳፏን ገልብጬ ጣቶቿን ለያየሁ። በሁለቱ መሃል አንዲት ጥቁር እሾህ ተሰክታለች። በመርፌ አወጣኋት። ቦሮን እግሯን አወረደች፣ ረገጠችበት፣ ወደ በሩ ሄደች።

ኦርሞን እሾሁን መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጠና መሳቅ ጀመረ፤ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ። ስልኩ አልተዘጋም ነበርና ኡልካንም በዚያ በኩል ትስቃለች። በዚያ ቀን ምሳ ሁለት ሳህን በላ፤ ጫማውን ሳያወልቅም ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ብርድ ልብስ አልብሼው በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።