የረጅሙ ቤት ግድግዳ

ሰፈሩ «እማማ ሳሙና» የሚላቸው አሮጊት የዚያን ቀን ጠዋት ቤት ሊያፈርስ በመጣው ዶዘር ፊት ወንበር ዘርግተው ቁጭ አሉ። ወይ ፍንክች! ከጀርባቸው ያለው ረጅም ቤት በጦርነቱ ዘመን የአየር ኃይሉ መካኒኮች ማደሪያ ነበር። ከጦር ሰፈሩ የተረፈው እሱ ብቻ ነው፤ ማኮብኮቢያው ታርሷል፣ የአብራሪዎቹም ቤት ፈርሷል።

«እማማ፣ መዝገቡ የሚለው ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ የእህል መጋዘን ነው» አለ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ። «ማደሪያ መሆኑ ቢረጋገጥማ በቅርስነት ይያዝ ነበር። ማስረጃ አለዎት?»

«እኔ ነኛ ማስረጃው! የአርባ ሰው ቱታ በእነዚህ እጆች አጥቤያለሁ።»

«በቃል ብቻ አይሆንም።»

«እንግዲያው ወረቀትና እርሳስ አምጣ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ እማማ ሳሙና የሃያ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ፊደልም ቁጥርም አይለዩም። አርባው ቱታ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ምልክት አወጡለት፤ አንገትጌው ላይ በክር ጠለፉት፣ ያንኑ ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ በአውሮፕላን ቀለም ሳሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ሴት አይገባም ተባለና ልብሱን የሚያስረክቡት በር ላይ ሆነ።

አሁን ከበሩ ጀምረው ለመሐንዲሱ በተራ ሳሉለት፦ ቁልፍ፣ መሰላል፣ ማበጠሪያ፣ ማንኪያ፣ ማንቆርቆሪያ... «በል ኖራውን አስፍቅ፤ ከሥሩ አሉ!»

መጋዘኑ ተከፍቶ ገቡ፤ አንድ የቀን ሠራተኛ በደረቱ ትክክል ኖራውን ፋቀ። ምንም የለም። ፈንጠር ብሎ ፋቀ። ባዶ። የዶዘሩ ሾፌር ሞተሩን ሲያስነሳ እማማ ሳሙና ክው አሉ። ዓይናቸው ወለሉ ላይ ያረፈው ይሄኔ ነው።

«አይ የኔ ነገር! ለእህሉ ብለው ወለሉን በሲሚንቶ ከፍ አድርገውታል እኮ! ዝቅ በል፣ ከጉልበትህ በታች!» ራሳቸውም ተንበርክከው በቤታቸው ቁልፍ ይፍቁ ጀመር።

የቁልፉ ሥዕል ወጣ፤ ደማቅ ሰማያዊ። ቀጥሎ መሰላል፣ ማበጠሪያ፣ ማንኪያ፣ ልክ በወረቀቱ ተራ። መሐንዲሱ ኮቱን ወርውሮ መፋቁን ተያያዘው። ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ መጣ።

አምስተኛው ላይ መሐንዲሱ ሳቀ። «እማማ፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል። ማንቆርቆሪያ ብቻ ነበር ያሉት፤ አጠገቡ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አለ።»

«ሳፋ የሚባል አልሳልኩም።»

ጠጋ ብለው አዩት። የተንጋደደ ሳፋ ነው፣ አረፋው ሳይቀር። የማንቆርቆሪያው ባለቤት፣ «ሙቅ ውሃ» እያለ ማጠቢያ ቤቱን ሲመላለስበት የነበረው መካኒክ፣ ኋላ ባላቸው ሆኗል። «ሳታዪኝ ቀድሜ የወደድኩሽ እኔ ነኝ፤ ራስጌዬ ሥዬሽ ነበር» ይላቸዋል። «ውሸታም! እስቲ አሳየኝ» ይሉታል። መጋዘኑ ተቆልፎ ከየት ያሳያቸው? አርባ ዓመት እንደተከራከሩ አምና በሞት ጥሏቸው ሄደ።

እማማ ሳሙና ሳፋውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ሳቅና እንባ እኩል መጣባቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ረታኸኝ!» ብለው ጮኹ።

በሩ ላይ «ማፍረስ ክልክል ነው» ብሎ ይጽፍ የነበረው መሐንዲስ ዞር አለ። «ማን ነው የረታዎት?»

«ባሌ ነዋ! ያውም በመንግሥት ምስክር ፊት።»