የግራ ጫማው ጫፍ

ጫማ ሰፊ የሰው ፊት አያይም። ሰላም ሲሉኝ አንገቴን ሳላቀና ስለምመልስ የሚቀየሙኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው። እኔ ግን በደንብ እያየኋቸው ነው፤ ከታች በኩል። የቴኒስ ክለቡ ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር፣ ደረጃው በሚዞርበት ጥግ አንዲት ክፍል ሰጥቶኛል። ቁመቴ መካከለኛ ነው፤ ለክፍሏ ግን ረጅም ነኝ። ላይ ያለው ሰው ሲያጨበጭብ አቧራ ይወርድብኛል። ብዙ አቧራ ከወረደ መላሹ ነጥብ አግብቷል ማለት ነው።

መላሹ የምንለው የክለባችንን ልጅ ነው። ልጅ ያልኩት ከልማድ ነው እንጂ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኳሷን የትም ቢልኩበት ሮጦ ይመልሳታል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። አሁን አሁን ግን የማይደርስባቸው ኳሶች በዝተዋል፤ ሳይደርስባቸው ሲቀር ሰዉ ያጨበጭብለታል። ድሮ የሚጨበጨብለት ሲደርስባቸው ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት ጫማውን ስሠራ የቆየሁት እኔ ነኝ። የቀኝ ጫማው ጫፍ ቶሎ እንደሚበላ አውቃለሁ። በቀኝ እጁ የሚጫወት ሰው ጨዋታ መክፈቻዋን ኳስ፣ ሰርቪሱን፣ ሲመታ የኋላ እግሩን፣ ማለትም ቀኙን፣ መሬት ላይ ይጎትታል። በዓመት ሁለት ሦስቴ ጎማ እለጥፍለታለሁ። የግራው ጫፍ ግን ምንም ሥራ የለበትም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ያመጣልኝ ጫማ የግራ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ይመስል ነበር።

እንዲህ ያለ ጫማ ከዚያ በፊት ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ የአባቴን። አባቴ ፖስታ አዳይ ነበር። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው የግራ ጫማውን አመጣልኝ። «ደረጃው እየረዘመብኝ ሄደ መሰለኝ» አለኝ። ያኔ ወጣት ነኝ፤ ስለ ጫማው እንጂ ስለ እግሩ አልጠየቅኩትም። ጫፉ ላይ ጎማ ለጠፍኩለት። አገላብጦ አየውና «እንደ አዲስ አደረግኸው» ብሎ መረቀኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ወድቆ ተገኘ። ቦርሳው ውስጥ የቀረችው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበረች። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ፤ በግማሽ ፊቱ እየሳቀ። በማንኪያ ስታበላው የኖረችው ታላቅ እህቴ ነች። ስለዚያ ጎማ ለእሷ ነግሬያት አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት መላሹ ሻዩን ይዞ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጫማ ያዝ ያዝ ያደርገኛል» አለኝ። «ጫፉ ላይ የሚያንሸራትት ነገር አድርግልኝ። ድምፁም አስመርሮኛል። ልምምድ ላይ ወንድሜ እየሰማ እግርህን አንሳ፣ እግርህን አንሳ እያለ ጨረሰኝ።»

አሠልጣኙ ታላቅ ወንድሙ ነው።

«የግራውን ነው?» አልኩት።

«የግራውን። ምነው?»

ምነው ሲለኝ አንገቴን አቀናሁ። ብርጭቆውን የያዘው በግራ እጁ ነበር። ብርጭቆው ቀስ እያለ አጋደለ፤ ሻዩ ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሻዩ ትኩስ ነው፤ እንፋሎቱ ይታየኛል። እሱ ግን ወደ በሩ እያየ ያፏጫል።

የምናገረው ነገር ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እሑድን እንዴት አየኸው?»

«ከተሸነፍኩ ጫማውን ላንተ ትቼልህ በባዶ እግሬ ነው የምሄደው» ብሎ ሳቀ።

እሑድ የፍጻሜው ጨዋታ ነበር፤ መላሹ ለፍጻሜ ሲደርስ ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው። ብናገር ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ሐኪም ቤት ከሄደ እሑድ የለም። እሑድ ባይኖር ለእሱ ምን እንደሚቀረው አላውቅም። ለእኔ የሚቀረኝን ግን አውቀዋለሁ፤ አቧራ የማይወርድባት ክፍል።

ስለዚህ ሥራዬን ሠራሁ። ከአሮጌ የእጅ ቦርሳ ላይ ቀጭን፣ ለስላሳ ቆዳ መርጬ ቆረጥኩ። ጫፉን ሞረድኩ፣ ማስቲሽ ቀባሁ፣ ለጠፍኩ፣ ዙሪያውን በጥቃቅን ስፌት ያዝኩት፣ ነጭ ቀለም አለበስኩት። ጣቴን ስሰድበት ሳሙና እንደነካ ያንሸራትታል። የሠራሁት ሥራ ቆንጆ ነበር። ይህን መካድ አልችልም።

እሑድ እህቴን ይዣት ሄድኩ። ቴኒስ አይታ አታውቅም፤ የመጣችውም ቤት ከምቀመጥ ብላ ነው። በሩ ላይ የመላሹን ወንድም አገኘነው። እጄን በሁለት እጁ ያዘው።

«ጋሼ፣ ምን እንዳደረግክለት አላውቅም» አለኝ። «ያ የእግሩ ድምፅ ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ጆሮዬን ቀስሬ ሰማሁ፤ ምንም የለም። ለነገ ሐኪም ቀጠሮ ይዤለት ነበር፤ ሰረዝኩት።»

«ሰረዝከው?»

«ድካም ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። አሁን ተሻለው።»

እጄን ለቀቀኝና ወደ ሜዳው ሮጠ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው ቀለምህ ተለወጠ?» አለችኝ። ፀሐዩ ነው አልኳት። ሰማዩ ደመና ነበር።

ወጥተን ተቀመጥን።

«የኛ የትኛው ነው?» አለች።

«ነጭ የለበሰው።»

«ሁለቱም ነጭ ነው የለበሱት።»

«ፀጉሩ የሸሸው።»

ተጋጣሚው ሃያ አንድ ዓመት የሆነው ጎረምሳ ነው። ኳሷን ሲመታ እያቃሰተ የሚያለቅስ ነው የሚመስለው፤ የሚያለቅሱት ግን ሌሎች ናቸው። የመጀመሪያውን ዙር በቀላሉ ወሰደው። ሁለተኛውን መላሹ፣ እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ፣ መለሰው።

«አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ» አለች እህቴ ጣቷን እያጠፈች። «አርባ አምስት የት ሄደች?»

ከኋላችን የተቀመጠ የባንክ ሠራተኛ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ እዚህ ድምፅ አይሰማም።»

«ምነው፣ የታመመ ሰው አለ?»

ሰዎች ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር።

በሦስተኛውና በመጨረሻው ዙር ኳሷ መላሹን እጁ ላይ አልገራ አለችው። ሰርቪስ ለመምታት ኳሷን ወደ ላይ የሚያነሳት ግራ እጅ ነው። መላሹ ያነሳታል፤ ወደ ጎን ትሄዳለች፤ ሳይመታት ይተዋታል፤ ለጎረምሳው ይቅርታ ብሎ እንደገና ያነሳታል። መጀመሪያ ሁለቴ፣ ቀጥሎ አራቴ። አምስተኛዋ ትከሻው ላይ ወደቀች። ሰዉ በፍቅር ሳቀና አጨበጨበለት። ጎረምሳው እየጠበቀ ራኬቱን ያሽከረክራል። እኔ ጫማውን አየሁ። ግራው በየእርምጃው ይንሸራተታል፤ በሄደበት መሬቱ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል። ድምፅ ግን የለም።

እህቴ መቁጠር ከተወች ቆይታለች። መላሹ በጌም አምስት ለአራት መርቶ ለእረፍት ሲቀመጥ ጠርሙሱን በግራው ሊያነሳ ሞከረ። ተንከባለለበት። በቀኙ አነሳው፤ ግራ እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያስቀምጥ።

«ያ እጁ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«ደክሞት ይሆናል።»

«አባባ ማንኪያውን ሲጥል እንደዚህ ነበር።» ዞር አለች። «አንተ። ታውቃለህ እንዴ?»

«ጫማውን ሠርቼለታለሁ፣ እትዬ።»

«ምን አድርገህ?»

ነገርኳት፤ ጫፉን፣ ቆዳውን፣ የተሰረዘውን ቀጠሮ። አንዴ ከጀመርኩ የአባባንም ጎማ ጨመርኩበት። ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት ነገር ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ፊቷን አላየሁም፤ ጫማዋን ነበር የማየው። ከዚያ ጫማዋ ወደ ኋላ ተሰበሰበ፤ መንገድ ለቀቀችልኝ።

«የአባባን ነገር ቤት እንነጋገራለን» አለች። «አሁን ውረድ።»

ወረድኩ። የበሩ ጥበቃ እጁን ዘረጋ። «አባት፣ ጨዋታው ሲያልቅ።»

«ለወንድሙ መልእክት ነው።»

«እዚህ ያለው ሰው ሁሉ መልእክት አለው።»

«የጫማው ጉዳይ ነው።»

አየኝና እጁን አወረደ። እሱም ደንበኛዬ ነው።

የመላሹ ወንድም መስመሩ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ አባት ያበራል። «ጋሼ፣ አንድ ጌም ቀረን።»

«አስቁመው» አልኩት።

«ምን አልክ?»

«ድምፁ የጠፋው ስለተሻለው አይደለም። ቆዳ ለጥፌበት ነው። እግሩ አሁንም እየተጎተተ ነው፤ እጁም ተከትሎታል። አባቴን እንዲህ ነው የጀመረው፤ ከዚያ ግማሽ ጎኑን ወሰደው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰደው።»

መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ሰው የማይሆን ወሬ ሲነግሩት እንደሚለው። ከዚያ ወንድሙን አየ። መሬቱ ላይ ያለውን መስመር አየ። ቶሎ መለሰልኝ፤ የሚነጥቁት ያህል።

«አራት ነጥብ ነው፣ ጋሼ። አራት ነጥብ። ከዚያ እኔ ራሴ ተሸክሜ እወስደዋለሁ።»

«ለአባቴም የቀረችው አንድ ደብዳቤ ነበረች።»

ዳኛው «ጊዜ» ብሎ የእረፍቱን ማብቃት ጠራ። መላሹ ተነሳ፤ መነሳቱ ትንሽ ረዘመ። ወደ መስመሩ ሲሄድ እኔን ከወንድሙ አጠገብ ቆሜ አየኝ። ራኬቱን ዘርግቶ የግራ ጫማውን አመለከተ፤ ከዚያ እኔን። ሰዉ ገባውና አጨበጨበልኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ጭብጨባውን ከሥሩ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ከላይ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

መላሹም ፈገግ አለልኝ። ቀኝ ጉንጩ ተነሳ። ግራው ባለበት ቀረ።

ወንድሙም አጠገቤ ሆኖ ፈገግታውን አየ። ብድግ አለ፤ ወንበሩ ተገለበጠ። በልጅነቱ እናታቸው ትጠራበት በነበረው ስም፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው፣ ጠራው። ቁም አለው። ተመልካቹ ወንድሙ መነሳቱን ሲያይ የደስታ መስሎት እሱም ተነሳ፤ ከፊት ያሉት፣ ቀጥለው የኋላዎቹ፣ ሁሉም። መላሹ፣ መላሹ እያሉ መቀመጫውን በእግራቸው ይደበድባሉ። የወንድሙ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፤ ድምፁ እኔ ጋ እንኳ አይደርስም። ዳኛው ጸጥታ ለማስከበር እጁን አነሳ። ማንም አላየውም። ከቆሙት መካከል እህቴ ብቻ ተቀምጣለች።

ወንድሙ ወደ ሜዳው ገብቶ መሮጥ ጀመረ። መላሹ ጀርባውን ሰጥቶታል። ግራ እጁን ወደ ላይ ላከው።

ኳሷ የት እንደሄደች አላየሁም። እኔ የማየው ከታች ነው። የግራው ጫፍ በነጩ መስመር ላይ ተንሸራተተ፤ ቆዳው አልተላቀቀም፣ ስፌቱም አልተተረተረም። እግሩ መቆም በነበረበት ቦታ ላይ አልቆመም።