አንድ ሚሊሜትር ወደ ቀኝ

እጀታው አልዞር አለ። የጦር መሣሪያ ጥገና ባለሙያዋ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋ እንደገና ሞከረች። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ካረጋገጠች በኋላ ላይኛ ብረቱን አውልቃ በማነጣጠሪያ መግፊያው መንጋጋ ውስጥ አጥብቃዋለች። መግፊያው ሥራው ቀላል ነው፤ ብረቱን ከግራና ከቀኝ ይይዛል፣ እጀታው ሲዞር ደግሞ የኋላ ማነጣጠሪያውን ቀስ እያለ ወደ ጎን ይገፋዋል። ከጠዋት ጀምሮ አራት ያረጁ ማነጣጠሪያዎችን በዚሁ አውጥታ አዲስ ተክታለች። አንዱም እንዲህ አላስቸገራትም።

«ግፊው እንጂ፣ ምን ታባብይዋለሽ?» አለ ከጀርባዋ የቆመው ታላቅ ወንድሟ።

«ጋሼ፣ በመዶሻ የሚመታበት ዘመን አለፈ። ትንሽ ታገሥ።»

በጥበቃ ድርጅቱ ወርክሾፕ ውስጥ «ሚሊሜትር» ይሏታል። ስሙ ለማሾፍ ወጣላት፣ እሷ ግን ወደደችው። አንድ የማትለቀው ደንብ አላት፤ ማንም ሽጉጥ ይዞ ቢመጣ፣ ማነጣጠሪያውን ከመንካቷ በፊት ሽጉጡን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፋ ራሷ ሦስት ጥይት ትተኩሳለች። የሳተው ሽጉጡ ይሁን ሰውየው የሚለየው በዚህ ነው። ለአለቃዋም ቢሆን ደንቧን አታጥፍም።

ዛሬ ግን አጥፋዋለች። ወንድሟ «ጥይቱ ሁሉ አራት ጣት ወደ ግራ ይሄድብኛል» ሲላት እንዳለ አመነችው። ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ እሷን ሙያ ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው ነው። እስቲ መጀመሪያ ልሞክረው ለማለት አፏ አልደፈረም።

ወንድሟ የዚሁ ድርጅት ጥበቃ ነው፤ ነገ ጠዋት የተኩስ ፈተና አለበት። ከወደቀ ሽጉጡን ያስረክባል፤ ሽጉጥ የማይዝ ጥበቃ ደግሞ በዚህ ድርጅት ቦታ የለውም። ጡረታ ሊወጣ የቀሩት ሁለት ዓመታት ናቸው።

እጀታው በመጨረሻ እሺ አለ። ማነጣጠሪያው አንድ ሚሊሜትር ያህል ወደ ቀኝ ሄደ። ሽጉጡን ገጣጥማ ሰጠችውና ከወርክሾፑ ጀርባ ወዳለው የመሞከሪያ ክፍል ገቡ። አምስት ተኮሰ። አምስቱም የዒላማው መሃለኛ ክብ ውስጥ ገቡ።

«አላልኩሽም?» ፊቱ በራ። «ሃያ ሁለት ዓመት የተኮሰ እጅ ነው። ያሳሳተችኝ ሽጉጧ ናት።»

እሷም ከልቧ ደስ አላት። የቀረው የጥገና ቅጹን መሙላት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከአሸዋ ከረጢቱ ላይ የተተኮሰ ውጤት ያስፈልጋል። ሽጉጡን አስደግፋ ሦስት ተኮሰች። ሦስቱም ተጠጋግተው አራት ጣት ወደ ቀኝ አረፉ። ደገመች። ያው ነው።

ያኔ ትዝ አላት። ከመግፋቷ በፊት ማነጣጠሪያው ፋብሪካው ከጫረው መስመር ላይ ልክ ቁጭ ብሎ ነበር፤ አይታው አልፋዋለች። ወንድሟ ሰሞኑን ቤቷ ሲመጣ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ሲጠጣም አይታዋለች፤ በርዶት መስሏት ነበር።

«እጅህን አሳየኝ፣ ጋሼ።»

«እጄ ምን ሆነ?»

«አሳየኛ።»

ዘረጋላት። አመልካች ጣቱን እጠፍ ስትለው ጣቱ መሃል ላይ ተያዘና ድንገት ተለቀቀ፤ እጁ በሙሉ ወደ ግራ ተወረወረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምት ወዲህ። ሐኪሙ ነርቭ ነው አለኝ።»

«ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

«አውቅ ነበር። እውነቱን ብነግርሽ እሺ አትዪኝም።»

ተናደደች፤ የተናደደችው ግን ይበልጥ በራሷ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ሦስቱን ጥይት ተኩሳ ትለየው ነበር።

«እንዲሁ ተዪው፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ልፈተንና ከሰዓት ይዣት እመጣለሁ፣ ትመልሺዋለሽ። ማን ያውቃል?»

«ዛሬ ማታ ተረኛው ማነው?»

እሱ በሚጠብቀው በር ላይ ያለው ሽጉጥ አንድ ብቻ ነው፤ ተረኛ ለተረኛ ያስረክበዋል።

«አዲሷ ልጅ ናት፣» አለ።

«እሷ እጇ ደህና ነው። ልክ አነጣጥራ ብትተኩስ ጥይቱ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ። እዚያ በር ላይ ደግሞ ሰው ይሰለፋል።»

«እኔ እዚያ በር ላይ ስቆም አንድ ጥይት ተተኩሶ አያውቅም። በአንድ ሌሊት ምን ይመጣል?»

«እኔ እንጃ። አንተስ ታውቃለህ?»

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ቤት ልዋል እንግዲህ። ከሚስቴ ማን ይጠብቀኛል?» አለ። ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሽጉጡን ፈታ ላይኛውን ብረት መግፊያው ውስጥ አጠበቀችና እጀታውን ያዘች። የእሱን ሁለት ዓመት በገዛ እጇ የምታጠፋ መሰላት። ይህን እጅ ባለሙያ ያደረገው እሱ ነው። እጀታውን ለቀቀችና ከጠረጴዛው ራቅ አለች።

«አልቻልኩም፣ ጋሼ። ልተወውም አልችልም፣ ላዞረውም አልችልም።»

ወንድሟ ተነሣ፤ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አደረገ።

«በየት በኩል ነው?»

«ወደ ራስህ አዙረው። ቀስ ብለህ።»

በቀኝ እጁ እጀታውን ያዘ፣ ግራውን ደረበበት። ማነጣጠሪያው ወደ መስመሩ መመለስ ጀመረ። እሷ መብራቱን አስጠጋችለት። መስመሩ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው እጁን ያዝ አደረገች።

«በቃ፣ ደርሷል፣» አለችው።

ጎንበስ ብሎ በመነጽሩ አየ።

«ገና ነው፣» አለና ጥቂት ጨመረበት።