በወይራ የታጠነ

ወላሂ ነገሩ ሲጀምር እኛም ስቀናል። በተለይ እማ።

እማ፣ ኡምኩልሱም፣ እዚህ ከሚሴ ወተት ሻጭ ነበረች። አባዬ፣ አላህ ይርሀመውና፣ ትቶልን የሄደው ቡሬ የምትባል ላም ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ዕቃውን ይዞ በራችን ላይ ነው። «አነን ጂራ?» ይላሉ፣ ወተት አለ ወይ ነው። እማ ደግሞ «ጂራ፣ ጂራ፣ ግቡ!» እኔ አስራ ሁለተኛን የጨረስኩት፣ ወንድሜ ሙጂብ ባጃጅ እስኪይዝ የበላነው፣ ሁሉም ከዛች ላም ነው።

የወተት ቅል ደግሞ ይታጠናል። ይሄን የማያውቅ ሰው እዚህ የለም። ወይራ ታነጃለሽ፣ ፍሙን ቅሉ ውስጥ ትከቺያለሽ፣ ገጥመሽ ትወዘውዢዋለሽ፣ ከዛ አራግፈሽ ትወለውዪዋለሽ። ወተቱ እንዳይበላሽ ነው፤ ሽታውም ልብ ያርሳል። አንዳንዴ ጥቁር ጥቁር ነገር ይንሳፈፍበታል፣ ማን ግድ ሰጥቶት!

ጎረቤት ሰርግ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጡት እንግዶች አንዱ እማ ቅል ስታጥን በአጥር በኩል ቀረፃትና ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ከላዩ «ወተት ውስጥ ከሰል የምትጨምረዋ ሴትዮ» የሚል ጽሑፍ። ሙጂብ ሲያሳያት እማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ምስኪን! ወይራ አይቶ አያውቅም እንዴ?»

ከዛ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ገጽ ወሰደው። «ከሚሴ ውስጥ ሕፃናት በወተት እየታመሙ ነው» ብሎ ጨመረበት። ክረምት ነው እኮ፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ልጅ ሁሉ ሆዱን ይታመማል፣ በየዓመቱ ያው ነው። ትንሽ ቆይቶ ቴሌቪዥን ላይ አንዷ ጋዜጠኛ ቪዲዮውን እያሳየች «ኅብረተሰቡ ይጠንቀቅ» አለች። አለቀ። ቴሌቪዥን ካለማ!

በማግስቱ በራችን ላይ ማንም የለም። ጎረቤታችን ሀዲጃ በአጠገባችን ስታልፍ እማ ጠራቻት። የሀዲጃ ልጅ ፊርደውስ በቡሬ ወተት ነው ያደገችው።

«አንቺ፣ ዛሬ አትወስጂም?»

«ተይ እቴ፣ ልጅቷን ትንሽ አሟታል።»

«ቅል ማጠን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ?»

«እሱማ ልክ ነሽ። ቲቪው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው አሉ። ኬሚካል ነው አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ሁሉም!»

ሙጂብ ተናደደ። «ራስሽ አስረጂያቸው» ብሎ እማን ቀረፃት። ጥሩ ሻሿን አስራ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ አንድ በአንድ አስረዳች። ያ ገጽ ቆርጦ ቆርጦ «አዎ፣ እሳት እጨምራለሁ» ያለችበትን ብቻ ለቀቀው። ሰው እየደጋገመ ሳቀባት፣ ጨፈረበት ሁሉ።

እማ ደግሞ እልኸኛ ናት። ወተቱን በቅሏ ይዛ ገበያ ወጣች፣ እኔም ከኋላዋ።

«ኑ ሽቱት! አፍንጫ የላችሁም?»

ወጣቶች ከበቡን። አንዱ «ልጆቻችንን ልትፈጂ ነው!» ብሎ ቅሉን ነጠቃትና አስፋልቱ ላይ ከሰከሰው። ልትይዘው ስትል ገፈተራት። በቀኝ ክንዷ ወደቀች፤ ቋ ሲል ሰምቻለሁ። ማንም አላነሳትም። እጃቸው ስልክ ይዟላ። ከመሀላቸው ሀዲጃን አየኋት፣ እሷም ስልኳን ከፍ አድርጋለች።

ወጌሻ አሰራት፣ ክንዷ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ቡሬን እኔ ማለብ ጀመርኩ። የሚገዛ ሲጠፋ እማ «በነፃ ስጧቸው» አለች፤ በነፃም አልፈለጉም። ወተቱን ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ጠብታ ወተት ደፍታ የማታውቀው እማ ፊቷን አዞረች። በኋላ መኖ መግዣ ስናጣ ሙጂብ ሰው ሳያይ በሌሊት ቡሬን ባቲ ገበያ ወስዶ ሸጣት። እማ ልትሸኛት እንኳ አልወጣችም።

ትናንት ጠዋት የጓሮው በር ተንኳኳ። ሀዲጃ ናት፣ ጆጓን በነጠላዋ ሸፍና።

«እቴ ኡምኩልሱም፣ አነን ጂራ?» አለች በሹክሹክታ። «ፊርደውስ የሱቁን ዱቄት ወተት እምቢ ብላ ከሳችብኝ። ለሰው እንዳትናገሪ ብቻ።»

«ሂንጂሩ» አለች እማ። የለም።

«ተቀየምሽኝ አይደል? ስለ አላህ ብለሽ፣ ለልጅቷ ነው።»

እማ በደህና እጇ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላት። በረቱ ውስጥ የቡሬ ገመድ ብቻ ነው ያለው።

ሀዲጃ ጆጓን እንደያዘች ቆመች። ከወዲያ ቤት የፊርደውስ ለቅሶ ይሰማል።