ሞተር የሌለው ፍሪጅ

ሲሃም የግቢውን በር ሦስተኛ ጊዜ ስታንኳኳ የተከፈተው በሩ ሳይሆን በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ነበረች። በመስኮቷ አንድ ዓይንና ግማሽ ጢም ታየ።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ጋሼ መሸሻ፣ እኔ ነኝ፤ ሲሃም። ዕቃዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«የምን ዕቃ?»

«የሳሎኑን፣ የመኝታ ቤቱን፣ የኩሽናውን…»

«እሱ የቤቴ ዕቃ ነው። አንቺ የማን ልጅ ነሽና ነው የሰው ቤት ዕቃ የምትቆጥሪው?»

መስኮቷ ድርግም አለች። የነጠላ ጫማ ኮቴ እየራቀ ሲሄድ ተሰማ። ሲሃም ጫማውን በድምፁ አወቀችው። ቤቱ ሰው የሚኖርበት እንዲመስል ከአልጋው ግርጌ ያስቀመጠችው ራሷ ነበረች።

የሲሃምን ሥራ ለሰው ማስረዳት አታካች ነው። ሊሸጥ የተዘጋጀ ባዶ ቤት ታለብሳለች። ባዶ ቤት ፊት የለውም፤ ገዢ ሲገባበት የሚያየው ስንጥቁን፣ የእርጥበቱን ጥቁረትና የሚስማሩን ቀዳዳ ነው። እሷ መጋረጃ ትሰቅላለች፣ ምንጣፍ ትዘረጋለች፣ ሶፋውን ወደ መስኮቱ ታዞራለች፤ ገዢው ስንጥቁን ይረሳና ራሱን እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ቤቱ ሲሸጥ ዕቃዋን ጭና ወደ ሌላው ትሄዳለች። ጭነትና ማውረድ የማያልቅበት ሥራ ስለሆነ ታዲያ ዕቃው ሁሉ ከባድ ሊሆን አይችልም። ሶፋውና ምንጣፉ እውነተኛ ናቸው። ፍሪጁ ከምናለሽ ተራ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ፣ ሞተሩ የወጣለት ቀፎ ነው። ቴሌቪዥኑ ሱቆች ለማሳያ የሚያቆሙት ፕላስቲክ፣ አልጋውም ስስ ስፖንጅ የለበሰ የካርቶን ድርድር ነው። ይህንን ከሚያሠሯት ሰዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ቤት ማልበሱ አይደለም ያስቸገራት፤ ደንበኛው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለመጣው ሁሉ እሺ ትል ነበር። አንዱ ባለቤት መጋረጃውን ወደደውና አልመልስም አለ። ባልና ሚስት ሊፋቱ ሲሉ የሚሸጡት ቤት ውስጥ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫዋ ግድግዳ ላይ ተከሰከሰ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ከመነጋገሯ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ለመደች፦ «ቁልፉ በስንት ሰው እጅ ነው?» በአንድ ሰው እጅ ከሆነ ትሄዳለች። ከአንድ በላይ ከሆነ ሥራ በዝቶብኛል ትላለች።

ክረምቱ ግን ያለ ሥራ አለፈ። ይሄኔ ነው የአሥራ ስምንት ማዞሪያው ደላላ ደግፌ ከች ያለው።

«ቤት አልባሿ፣ ሲሳይሽን ይዤ መጣሁ። እናታቸው የሞቱባቸው ናቸው፤ ሰርኬ የምትባል ሴትዮ ናት የምትሸጠው። ገዢ በእጄ ነው። ይህ ካማረልሽ አስኮ አንድ ተቋራጭ አለ፣ ሕንፃ ጨርሷል፤ አፓርታማውን ሁሉ አንቺ ታለብሺለታለሽ። የዕድሜ ልክ ደንበኛ በይው። ግን ሥራሽን መጀመሪያ እዚህ ቤት አያለሁ ብሏል።»

ዓመት ሙሉ ስትፈልገው የነበረ ደንበኛ! ሲሃም ስለ ቁልፉ ሳትጠይቅ ቀረች።

ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ነበር። ሁለተኛው የሰርኬ ታላቅ ወንድም መሸሻ ነው። ቤቱ እንዲሸጥ ተስማምቶ ፈርሟል፤ አየር ጤና አካባቢ በተከራየው ክፍል ይኖር ነበር። ቤቱ በለበሰ በሳምንቱ የእናቱን ደጅ ልሰናበት ብሎ ገባ። ጎረቤት እንዳወራው ከሆነ ሳሎኑ በር ላይ ብዙ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ሲመሽም አልተነሣ። ሲሃም አበባ ልትቀይር ስትሄድ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ አገኘችው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ ደረሰኝ አምጪ አሏት። ምናለሽ ተራ ማን ደረሰኝ ይቆርጣል? ሰርኬ ጋ ሄደች፤ ሰርኬ ከበሯ እንኳን አላስገባቻትም።

«አንቺ ነሽ ጉድ የሠራሽኝ!» አለቻት። «ባዶ ቢሆን ስንት ቀን ይቀመጥ ነበር? ሲሚንቶ ላይ ይተኛ ነበር? አልጋ አንጥፈሽ፣ መጋረጃ ሰቅለሽ፣ እንደ ሙሽራ አስገባሽው!»

«እትዬ ሰርኬ፣ ወንድምዎ ቁልፍ እንዳለው አልነገሩኝም።»

«ጠይቀሽኝ ነው?»



ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። የሠፈሩ የእድር ዳኛ አቶ ጉዲሳ ናቸው፤ የእሳቸውን ፍርድ ኮልፌ ሠፈር በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። «ባዶ ቤት ይካፈላል፤ የቆመ ጎጆ ግን አይነቀልም» ይላሉ። ምጣድና አልጋ፣ መጋረጃና ወንበር አሟልቶ የተቀመጠን ሰው ውጣ ማለት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። መሸሻም ይህን ያውቃል። እናቴ ሳትሞት ጀምሮ ጎጆዬን እዚሁ አቁሜ ነው የምኖረው ብሎ ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ካመኑት ቤቱ አይሸጥም፤ ከቤቱ ጋር የሲሃም ዕቃ በሙሉ የእሱ ሆኖ ይቀራል። እሷም ወደ አስኮ የምትሄደው ባዶ እጇን ነው።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ የሲሃም ሶፋ ላይ ተደረደሩ። አንደኛው ዱላቸውን የሲሃም ጠረጴዛ ላይ አጋደሙ። ደግፌ ገዢዋን ይዞ መጥቷል፤ እትዬ ሃፊዛ ይባላሉ፣ አየር ጤና የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሲናገሩ ሰው ፊት የማያዩ ሴት። ሲሃምን ማንም አልጠራትም ነበር፤ በሩን ተደግፋ ቆመች።

መሸሻ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ መሐል ቆሞ ተናገረ። «እናቴን ያስታመምኩ እኔ፤ የቀበርኩ እኔ። ይኸው ቤቴ፣ ይኸው ዕቃዬ። እህቴ በዓል ሲሆን ብቅ ትል ነበር፤ ዛሬ ደላላ ይዛ መጣች።»

«ውሸታም!» አለች ሰርኬ። «ፈርመሃል እኮ!»

«ብፈርምስ? ፊርማ ከጎጆ ይበልጣል?»

አቶ ጉዲሳ ዙሪያውን ቃኙ። መጋረጃውን፣ ምንጣፉን፣ በተከፈተው በር የሚታየውን የተነጠፈ አልጋ። ተነፈሱ። «ሰርኬ፣ ልጄ፣ እንዲህ አሟልቶ የተቀመጠ ሰው በምን አፋችን ውጣ እንበለው?»

«ዕቃው የእሱ አይደለማ! የእሷ ነው! አፍሽን ምን ዘጋው አንቺ? ተናገሪ እንጂ!» ሰርኬ ሲሃም ላይ ጮኸች።

«የእኔ ነው፣ አባባ» አለች ሲሃም።

«ደረሰኝ ታምጣ» አለ መሸሻ ፊቱን ሳያዞር።

 ደግፌ ወደ ሲሃም ጆሮ ጠጋ አለ። «እንዳታበላሺው። ያንን የቀፎውን ነገር ገዢዋ ፊት ካወጣሽ እኔም ተዋርጄ ቀረሁ። አስኮን እርሺው፤ በአላህ ስም ነው የምልሽ እርሺው።»

ሲሃም ኩሽናው በር ላይ የቆመውን ነጭ ፍሪጅ አየችው። ዝም ካለች ዕቃዋ ይሄዳል፤ ከተናገረች ስሟ ይሄዳል። ስም ያለ ዕቃ ምን ይሠራላታል? ዕቃስ ያለ ስም?

«አባባ ጉዲሳ» አለች፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «ይህን ያህል ጊዜ ተቀምጣችሁ ውሃ እንኳን አልቀረበላችሁም። ጋሼ መሸሻ፣ ባለቤቱ እርስዎ ከሆኑ ለሽማግሌዎቹ ከፍሪጁ ቀዝቃዛ ውሃ ያቅርቡ እንጂ።»

መሸሻ አልተንቀሳቀሰም። 

«ውሃ አልቋል» አለ።

«በመንደሩ ውሃ ከሌለ እንግዲህ በረዶም ይበቃናል» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፤ ሌላው ሳቁ። አቶ ጉዲሳ ግን አልሳቁም። እንግዳ አስቀምጦ ውሃ የማያነሣ ባለቤት አይተው አያውቁም። ተነሡና ፍሪጁን ከፈቱ።

መብራት አልበራም፤ ቅዝቃዜም አልወጣም። ከውስጥ የተጣጠፈ ሸሚዝ፣ የፌስታል ዳቦና ሻማ ተቀምጧል። አቶ ጉዲሳ ፍሪጁን በአንድ እጃቸው ገፋ ሲያደርጉት እንደ ባዶ ጀሪካን ተነሣ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሞተር የለውም» አለች ሲሃም። «ቴሌቪዥኑም ፕላስቲክ ነው። የአልጋውንም አንሶላ ይግለጡት፤ ካርቶን ነው፤ የቴምር ካርቶን። እኔ ነኝ የደረደርኩት። በዚህ ዕቃ ማንም ጎጆ አላቆመም፤ ሊቆምበትም አይችልም።»

አንሶላው ተገለጠ። ሽማግሌዎቹ እየተጋፉ አዩ። አንዱ ካርቶኑን በዱላቸው ጫፍ ወጉ፤ ዱላው ገባ። ሳቁ ቤቱን ሞላው።

እትዬ ሃፊዛ ብቻ አልሳቁም። ተነሥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው መቱት። «ደግፌ፣ ይሄስ? ይሄም የቴምር ካርቶን ነው?»

«እትዬ ሃፊዛ፣ እኔ ምንም…»

«ዝም በል! አንተ ሌባ!»

ሳቁ ሲበርድ የመሸሻ ድምፅ ተሰማ። «ካርቶን እንደሆነ ከመጀመሪያው ማታ ነው ያወቅኩት። ወገቤ ነገረኝ።» ወደ እህቱ ዞረ። «እናታችን መሬት ላይ በተጣለ ፍራሽ ተኝታ ነው የሞተችው፤ እዚሁ ክፍል። አልጋ እንግዛላት ስልሽ ከየት አምጥቼ አልሽ። ለገዢ ሲሆን አልጋ ተነጠፈ። መጋረጃ ተሰቀለ። እኔ ይህን ቤት እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ የውሸት ቢሆንም አንድ ሰው ይተኛበት ብዬ ነው።»

 ሲሃም ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። እናቲቱ የት እንደተኙ ማንም አልነገራትም፤ እሷም እንደ ቁልፉ ሁሉ ይህንን አልጠየቀችም።

አቶ ጉዲሳ ፈረዱ። ልጅቷ ዕቃዋን ትጫን፤ ቤቱ በፊርማው መሠረት ይሸጥ፤ እህት ወንድሟን ይቅርታ ትጠይቅ። የመጨረሻው ሳይፈጸም ቀረ።

ጫኝና አውራጆቹ አይሱዙው ላይ ሲጭኑ የሠፈሩ ሰው አጥሩ ላይ ተደግፎ ይስቅ ነበር። «ፍሪጁን ቀስ! ነፋስ እንዳይወስደው!» ደግፌ ግቢው መሐል ስልክ ይዞ፣ ሲሃም እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል። «አዎ፣ የአስኮው ሕንፃ… ተውት ጌታዬ፣ የካርቶን ነጋዴ ናት… ሠፈር ሙሉ አይቷታል።» ስልኩን ዘጋና፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ከአሥራ ስምንት እስከ አየር ጤና ሥራ ታገኝ እንደሆነ እናያለን!» አለ።

በመጨረሻ መሸሻ ወጣ። የራሱን ጫማ አድርጓል። ነጠላ ጫማዎቹን አንድ በአንድ መኪናው ላይ ወረወራቸው። «ይሄም ያንቺ ነው» አላት። አንደኛው አይሱዙው ውስጥ ገባ፤ ሌላው ጎማ ሥር ጭቃው ላይ ወደቀ። ሲሃም ወርዳ አነሣችው። እሱ ሊያያት አልቆየም።

ቤቱ ተሸጠ፤ ባዶውን። ሲሃም ከጎረቤት ሰማች፦ እትዬ ሃፊዛ ማንም እንደማይኖርበት በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው የተማመኑት። ይህ ነገር ከስድቡ ሁሉ በላይ ቆረቆራት። ለካ የሚሸጥ ቤት ሲለብስ ገዢ «እዚህ ሰው አለ፤ አልወጣም ይለኛል» ብሎ ይፈራል። ይህን ሁሉ ጊዜ መጋረጃ የምትሰቅለው ቤቱን ለቀው ለሚሄዱ ሰዎች ነበር።

ዕቃው አሥራ ስምንት ማዞሪያ ጀርባ በተከራየችው መጋዘን ተቆልሎ ከረመ። ስልኳ ሲጮህ የሚደውለው ወይ የሚቀልድ ነው፣ ወይ የሚሳደብ። ሶፋውን ልሸጥ ወይስ ምንጣፉን ስትል አንድ ቀን የመጋዘኑ በር በእግር ተገፋ።

እትዬ ሃፊዛ ናቸው። ሰላምታ የለም። ቁልሉን ዞረው አዩ፤ መጋረጃውን በጣታቸው ፈተሹ፤ ጨርቅ ያውቃሉ።

«ይሄ መጋረጃ የውሸት አይደለም» አሉ።

«አይደለም።»

«ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌ እየመጣብኝ ነው። የሀብታም ሽማግሌ። ቤቱን ስገዛ የነበረኝ ሁሉ እዚያ ገባ፤ አሁን ግድግዳ ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ። አሥር ዓመት የኖርንበት እንዲመስል አድርጊልኝ። ሲሄዱ ጭነሽ ሂጂ።»

ሲሃም ሥራውን በልቧ መዘነች። የሚመጣ እንግዳ፣ የሚታይ ቤት፣ የማይሄድ ባለቤት። በዚህ ሠፈር ስንት ሴት ልጅ ትጠየቃለች? ስንቱ ቤት በየሳምንቱ ሽማግሌ ይቀበላል?

«እትዬ ሃፊዛ፣ ያን ቀን አይተውታል። ፍሪጁ ሞተር የለውም።»

«ሽማግሌ የሰው ፍሪጅ አይከፍትም።»

«አባባ ጉዲሳ ከፈቱ እኮ።»

«አንቺ ነሽ ያስከፈትሻቸው! አሁንም አፍሽን ክፈቺና እዚያው ካርቶንሽ ውስጥ ነው የምከትሽ።»

ሲሃም ሳትወድ ፈገግ አለች፤ ሴትዮዋ ግን ፊታቸው እንደተኮሳተረ ነበር። ዋጋ ሊነጋገሩ ሲሉ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ቁልፉ በስንት ሰው እጅ ነው?»

«በእኔ።»

«ባለቤትዎስ?»

«እሱ ቁልፍ ይዞ አያውቅም፤ ደወል ነው የሚያውቀው።»

ሲሃም አሁንም ዕቃውን ለማንሣት አልቸኮለችም። «ቤቱ ውስጥ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው አለ?»

እትዬ ሃፊዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩዋት። የመሸሻን ንግግር ረስተውት እንዳልነበር ከዓይናቸው ታየ።

«አማቴ አሉ» አሉ ዝግ ብለው። «እስካሁን ፍራሽ ላይ ናቸው።»

«ለእሳቸው እውነተኛ አልጋ ይግዙ። ካርቶኑን ልጅቷ ክፍል አደርገዋለሁ።»

«አንቺ ልታዢኝ ነው እንዴ የመጣሁት?»

«ካልገዙ አልመጣም።»

 እትዬ ሃፊዛ ሻርፓቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ዞሩ። ሲሃም ይህኛውም ሥራ ሄደ ብላ ስታስብ፣ ከደጅ ድምፃቸው ተመለሰ፦

«ዓርብ ነው የሚመጡት። አልጋው ሐሙስ ይገባል። ፍሪጁን ግን በገመድ እሰሪልኝ!»