ከፉርኖ አፍ የመጣው ሯጭ

ረሻድ የሀጂ ከሊፋ ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነበር። ኮልፌ ውስጥ የሀጂን ዳቦ የማያውቅ ቢኖር ጥርስ የሌለው ብቻ ነው። ረሻድ ግን ጋጋሪነቱን እንደ ዘር በሽታ ነበር የሚያየው፤ አባቱም እዚያው የዳቦ መጋገሪያው ፉርኖ ፊት ቆመው ነው ዓይናቸውን የጨረሱት። ስለዚህ ጦር ኃይሎች አጠገብ ያለ አንድ የወታደር ክለብ ሯጭ ይቀጥራል፣ ያውም አንድ ሰው ብቻ፣ የሚል ወሬ ሲመጣ ለሌላው የሰፈር ጎረምሳ ጨዋታ ሆነ፤ ለረሻድ ግን መውጫ በር።

መራጩ ሃምሳ አለቃ ወልደሰንበት የሚባሉ፣ ከአፋቸው ይልቅ በፊሽካቸው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። እሁድ ማለዳ ወጣቱ ሁሉ በኅዳር ቁር እየተንቀጠቀጠ ሜዳው ላይ ተሰልፎ ጠበቃቸው። ረሻድ የመጨረሻውን ዳቦ ሳያወጣ ሀጂ አይለቁትምና፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ እየበረረ ደረሰ። ቆሞ ሳይተነፍስ ፊሽካው ተነፋ። ሩጫው ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ነበር። ረሻድ ሲጨርስ ሌሎቹ ገና ጉልበታቸውን ከብርዱ እያላቀቁ ነበር። ሁለተኛ የወጣው ነገሬ የሚባል የአየር ጤና ልጅ ነው፤ እግሩ ረጅም፣ ምላሱም ከእግሩ የማያንስ።

«ከየት ነው የመጣኸው አንተ?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ከፉርኖ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ዳቦውን ትተው አንተን ነው እንዴ የጋገሩህ?» አለ ነገሬ።

ሃምሳ አለቃ አልሳቁም። «ዛሬ አጭሩን አየሁ። በሚመጣው እሁድ ረጅሙን አያለሁ፤ አየር ጤና ደርሶ መልስ» ብለው ሄዱ።

ሀጂ ከሊፋ ይህን ሲሰሙ ጢማቸውን ይዘው ተመራመሩ። የእሳቸው ጋጋሪ የክለብ ሯጭ ቢሆን መስጊድ በር ላይ ምን እንደሚባል ከወዲሁ ይሰማቸው ጀመር።

«ያሸነፍከው በእሳቱ ነው» አሉ። «መንዙማ ከመጀመሩ በፊት ድቤ ለምን እሳት ታያለች? የቀዘቀዘች ድቤ ድምጿ የእርጥብ ጆንያ ነው። አንተም እንደዚያው ነህ።»

«ለአጭሩ ትንሽ እሳት ከበቃ፣ ለረጅሙስ ሀጂ?»

«ብዙ እሳት ነዋ!»

ሒሳቡ እንከን አልነበረውም። በተባለው እሁድ ረሻድ ጋቢ ተከናንቦ ፉርኖው አፍ ላይ ተቀመጠ። ጆሮው ቀልቶ በርበሬ እስኪመስል ሀጂ እንደ ዳቦ እያገላበጡት፣ «ዞር በል፤ ጀርባህ ገና ነው» ይሉት ነበር።

ሩጫው ሲጀመር ረሻድ በረረ። አንዲት የሰው ብዛት ያጎበጣትን ሲቼንቶ ታክሲ ሳይቀር ቀደመ። ዳገቱ ላይ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ድስት የተጣደ መሰለው፤ እግሩም የሌላ ሰው እግር ሆነ። ነገሬ ሲያልፈው ዞር ብሎ፣ «አረርክ እንዴ ወንድሜ?» አለው። ቦኖ ውሃ የምትቀዳ አንዲት ሴት አዝናለት ከእንስራዋ አናቱ ላይ አፈሰሰችለት። ያን ጊዜ አንድ የሚገርም ነገር ሆነ፤ ውሃው የነካው ራሱን፣ የተመለሰው ግን እግሩ! ሆኖም ዘግይቷል። ነገሬ አንደኛ ወጣ።

«አንዱ አጭሩን፣ አንዱ ረጅሙን» አሉ ሃምሳ አለቃ። «እሁድ ሁለታችሁ ብቻ ትሮጣላችሁ። ያሸነፈ ይገባል።»

«ርቀቱ ምን ያህል ነው ጌታዬ?» አለ ረሻድ።

«ያን ዕለት ታውቀዋለህ።»

ዳቦ ቤት ሲገናኙ ሀጂ «እሳቱ አንሶ ነው» ብለው ተበሳጩ። ረሻድ ግን ከመናደድ ይልቅ ነገሩ ከነከነው። ያው እሳት፣ ያው ሰው። አንድ እሁድ ክንፍ፣ አንድ እሁድ ድንጋይ። ለምን?

ዳቦ የሚሸጡት የሀጂ ባለቤት ዙቤዳ ክርክሩን ከመስኮቱ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ሀጂ፣ ድቤዋን ያሞቋል እንጂ መቺውን ያሞቋል እንዴ?» አሉ።



«መቺው ማነው እትዬ?» አለ ረሻድ።

«ራስህና ልብህ ናቸዋ። ድቤህ እግርህ ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ ረሻድ ሲሞክር ሰነበተ። ሊጥ የሚሸፈንበትን ጆንያ ፉርኖው ላይ አሙቆ ጭኑ ላይ ያስራል፤ አናቱን በቀዝቃዛ ውሃ ይነክራል፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ይወጣል። ጎረቤቱ አበደ አለ። እግሩ ግን እሺ አለው።

እሁድ ደረሰ። ሀጂ ሁለት የጋሉ ጆንያዎች ጋቢያቸው ውስጥ አቅፈው ታክሲ ገቡ፤ አንዱ ለአሁን፣ አንዱ ያኛው ሲበርድ የሚተካ። ሾፌሩ በመስታወት አያቸውና፣ «ሀጂ፣ የታቀፉት ድመት ነው?» አለ። 

ረሻድ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከራሱ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ጭኑን በጆንያ ሲሸፍን ያየ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ነገሬ ነበር። ቀርቦ ጆንያውን ነካ አደረገ። ሳቁን አቆመ።

«ይሞቃል» አለ በዝግታ። እሱ ራሱ በብርዱ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

ረሻድን ሰሞኑን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶት ነበር፤ በመጀመሪያው እሁድ ያሸነፈው እሱ ነው ወይስ ፉርኖው? ፉርኖው ከሆነ ፉርኖ የሌለው ክለብ ገብቶ ምን ሊሆን ነው?

«ያኛውን ስጡት ሀጂ» አለ።

«ምን?»

«ተጠባባቂውን ጆንያ። ይሙቅ።»

«ያ ረቢ! እሳትህን ለጠላትህ?» አሉ ሀጂ። ግን ሰጡት። ሁለቱ ሯጮች ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ አራስ ተሸፈኑ። የሚስቅ ጠፋ።

«ሜዳውን ሁለት ዙር!» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ፊሽካውም ተነፋ።

የመጀመሪያውን ዙር ነገሬ መራ። በሁለተኛው ረሻድ ትከሻው ላይ ተለጠፈ። መጨረሻው ላይ ማን ማን እንደሆነ ለሀጂ አልታያቸውም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሲገልጡ ሃምሳ አለቃ የረሻድን እጅ ይዘዋል። «በደረት ቀደምከው። ሰኞ ልብስህን ይዘህ ና።»

ወደ ኮልፌ በእግር ሲመለሱ ሀጂ ወደ ረሻድ ዞር አሉ። «ቢያሸንፍህስ ኖሮ?» አሉ።

«ያኔማ ቀድሞ ያሸነፈው ፉርኖው ነበር ማለት ነው። ክለብ ገብቼም መዋረዴ አይቀርም ነበር።»

 ሀጂ ግን ሌላ ነገር ትዝ ብሏቸው መንገድ መሃል ቀጥ አሉ። ሰኞ ማን ሊጋግር ነው?

ከኋላቸው የጫማ ድምፅ ተሰማ። ነገሬ ነው፤ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እየተከተላቸው።

«ይቅርታ ሀጂ፣ ክለቡ ለከርሞም ሰው ይፈልጋል ተብሏል። ይሄን ጆንያ ፉርኖው ላይ ምን ያህል ነው የሚያቆዩት?»

ሀጂ ከራሱ እስከ እግሩ አዩት፤ ክንዱ ላይ ሲደርሱ ረጋ አሉ።

«ሊጥ አቡክተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ነገ ታውቃለህ» አሉና ፊት ፊት መሩት።