የአያ ክንዱ ጉልላት

ከቀሐ ወንዝ ሽቅብ በሚወጣው መንገዳችን ላይ ዐሥራ ሁለት አሮጌ ቤቶች አሉ። እኔ የትነበርሽ፣ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ፣ የቤቶቹን ታሪክ አጣርቼ እንድጽፍ የሰፈሩ ኮሚቴ ሲጠይቀኝ ዓይኔን አላሸሁም። ሰው ቤት ገብቶ መጠያየቅ ድሮም አመሌ ነው፤ አሁን ወረቀት ያዝኩ እንጂ።

ነገሩ ግን የዋዛ አልነበረም። መንገዱ ሊሰፋ ነው። ማን እንደሠራው የሚታወቅና ማስረጃ ያለው ቤት ይተርፋል፤ የሌለው ይፈርሳል። ከሁሉም ያሰጉኝ አያ ክንዱ ናቸው። የቤታቸው ማዕዘን መንገዱ ላይ ወጣ ብሏል። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የኖሩት እዚያ ነው፤ ሌላ መግቢያም የላቸውም።

ዐሥራ አንዱን ቤት በሁለት ቀን ጨረስኩ። የሁሉም ባለቤት ቤቴን የሠራው የጣሊያን ኮሎኔል ነው አለኝ። ይህ ኮሎኔል ጦርነቱን ትቶ ድንጋይ ሲፈልጥ የከረመ ሰው መሆን አለበት። ማስረጃ ስል ግን ሁሉም ወደ ጣሪያ ያያል።

አያ ክንዱም ያንኑ ኮሎኔል አመጡብኝ። አከታትለውም ቤቱ ሲሠራ በሰባት ዓመታቸው ለጭቃው ውኃ ከቀሐ ሲያመላልሱ ጀርባቸው እንደተላጠ አጫወቱኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አሰላሁት።

«አያ ክንዱ፣ እርስዎ ሲወለዱ እኮ ጣሊያን ወጥቷል» አልኳቸው።

ዓይናቸው ወደ ጓሮ ሄደ፤ የኔም ተከተለ። አንዲት ዶሮ የሸክላ ጉልላት ውስጥ ዕንቁላሏን ታቅፋለች። ቤቱ የሣር ክዳን ሳለ አናቱ ላይ የነበረ ነው። ቆርቆሮ ሲለብስ አወረዱት፤ ያኔ ቤቱም የጣሊያን ሆነ። የጣሊያን ቤት ላይ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከወለቃ የመጣ ሸክላ ማን አይቶ ያውቃል?

ሥራው ወፍ የተቀረጸበት፣ የሚያምር ነው። ቤቱን ሊያድን የሚችለውን ማስረጃ ዶሮ አስታቅፈውበት ከረሙ። ተናደድኩ፣ ሳቄም መጣ።

ኮሚቴው በማግሥቱ ሲመጣ አያ ክንዱ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ቤቱን የሠራው አለበል ነው፤ የወለቃ ቤተ እስራኤል። ጉልላቱን ሚስቱ ሳሪት ሠራችው» አሉ። «ቤቱ የተመረቀ ዕለት ዝናብ ነበር። ዘመድ ሁሉ ገባ። አባቴ አለበልን ቡዳ ነው ብሎ ደጅ አቆመው። ካባው ውኃ ሲያንጠባጥብ አየሁት፤ እኔም ዝም አልኩ። ይህን እንዳልናገር ነው ጣሊያን ያመጣሁ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወልደኢየሱስ ጉልላቱን አገላብጦ የወለቃ ሥራ መሆኑን አየና፣ ማስረጃው በቂ ነው፣ መንገዱ ዞሮ ይሄዳል አለ። ከመንገዱ ሁሉ ስሙ የታወቀ ሠሪ ያለው ይህ አንድ ቤት ብቻ ሆነ። ደስ ብሎኝ እጃቸውን ሳምኩ።

ወልደኢየሱስ ለፎቶ እንዲመች ጉልላቱ ወደ ጣሪያው ይመለስ ሲል መሰላል ይፈለግ ጀመር። አያ ክንዱ ግን ዶሮዋን ከነዕንቁላሏ ቁና ላይ አዛወሯትና ጉልላቱን አቅፈው ወደ ቤት አመሩ።

«ምነው አያ?» አልኳቸው።

«አለበል ደጅ ቆሞ ዝናብ መትቶታል» አሉኝ። «ይኸ እንኳ ይግባ።»

ደፉን ተሻግረው መደቡ ላይ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጡት።